«ወደ ቤት ውሰዷት» ስትባሉ ማንን ትጠራላችሁ?

«ከእንግዲህ እዚህ የምናደርግላት ነገር የለም። ወደ ቤት ውሰዷት።»

ይቺን ዓረፍተ ነገር አንድ ቀን የሰማ ሰው መቼም አይረሳትም። እኔ የሰማኋት አዲስ አበባ ውስጥ፣ በአንድ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቆሜ ነው። ሐኪሙ ይህንን ተናግሮ ወደሚቀጥለው በሽተኛ አለፈ። የአክስቴ ልጅ ዞር ብላ «ተሻላት ማለት ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። ምን ልበላት? «አዎ፣ ቤቷ ይሻላታል» አልኳት። ዋሸሁ...

አክስቴ ሸዋ ሮቢት ዋናው መንገድ ዳር ሻይ ቤት ነበራት። የደሴ መስመር ሾፌሮች በስሟ የሚጠሯት፣ ቁርስ ሳይከፍሉ ሄደው ሲመለሱ የሚከፍሏት ሴት ነበረች። እናቴ ስትሞት ያሳደገችኝም እሷ ናት። በሽታዋ የጡት ካንሰር ነው፤ የታወቀው ግን ዘግይቶ ነው። እንግዲህ «ውሰዷት» ተባልንና ሚኒባስ ኮንትራት ይዘን፣ ከኋላ ፍራሽ አንጥፈን ጉዞ ጀመርን። 225 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ በብርድ ተንቀጠቀጠች። የጣርማበርን ዋሻ አልፈን ቁልቁል ስንወርድ ጆሯችን ተደፈነ። ደብረ ሲናን፣ አርማኒያን አልፈን የይፋት ቆላ ሙቀት ፊታችንን ሲገርፈን መስኮት አስከፈተችና «እፎይ፣ አሁን አገሬ ገባሁ» አለች።

ውድ አንባብያን፣ የዛሬው ጨዋታችን ስለ ፍቅርና ስለ ትዳር አይደለም። ስለ ሞት ነው ብላችሁ ግን ጋዜጣውን እንዳታጥፉት! እናት፣ አባት ወይም አክስት ያላችሁ ሁሉ አንድ ቀን ይሄ ኮሪደር ላይ መቆማችሁ አይቀርም። እኔ ያጠፋሁትን እናንተ እንዳታጠፉት ብዬ ነው የምጽፈው።

በነጭ ጋዋን ተሸወድን

አስታማሚ መቅጠር አለብን ተባለ። ሰው በሰው ተጠያይቀን አዲስ አበባ ካለ አንድ የቤት ለቤት ሕክምና ድርጅት ጋር ተገናኘን። ሥራ ላይ ያለነው የከተማ ልጆች ገንዘብ አዋጣን። ኩራታችንን አትጠይቁኝ! ለመሆኑ ምን ጠየቅናቸው? ሁለት ነገር ብቻ፤ «በቀን ስንት ነው?» እና «መቼ ይመጣል?»። የሁለት ሳምንት ሂሳብ በቅድሚያ ከፈልን። ውል የለ፣ ደረሰኝ የለ።

የተላከው ጎልማሳ ነጭ ጋዋን ለብሶ፣ ማዳመጫ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ገባ። «ዶክተር» ስንለው አንድም ቀን «አይደለሁም» ብሎ አላረመንም። ግድግዳው ላይ ሚስማር መትቶ ግሉኮስ ሰቀለ። በቃ፣ ሰፈሩ ሁሉ «ልጆቿ አሳከሟት!» አለ። ግሉኮስ ሲንጠባጠብ የሚያይ ሰው ሕክምና እየተሰጠ ይመስለዋላ!

በሦስተኛው ሌሊት አክስቴ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳ አገኘኋት። ለካ ጎረቤት እንዳይሰማ ነው። ከመሸ አንድ መርፌ ይወጋታል፣ እኩለ ሌሊት ላይ ያልቃል፣ እስኪነጋ ከሕመሟ ጋር ትታገላለች። ሰውየው ያደረው ሆቴል ነው። ስልኩን ደወልኩ፣ ዝግ ነው። ሲነጋ ስጠይቀው «የዚህ በሽታ ጠባዩ ነው፤ ያማል፤ ምን ይደረጋል?» አለኝ። «ሞርፊን የሚባል ነገር አለ ሲሉ ሰምቻለሁ» ብለው «ሱስ ያስይዛታል» ብሎ ገሰጸኝ።

የሚገርመው አመንኩት! ሞት ደጃፏ ላይ ለቆመች ሴት ሱስ ልንፈራላት ጀመርን።

ሆስፒስ ማለት ምንድን ነው?

የማይድን በሽታ የያዘውን ሰው መንከባከብ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። «ሆስፒስ» ይሉታል፤ ሰፋ ሲል ደግሞ «ፓሊየቲቭ ኬር»፣ በኛ ቋንቋ የማስታገሻ ሕክምና። የዘመኑን ሆስፒስ መሠረት የጣሉት እንግሊዛዊቷ ሲስሊ ሳውንደርስ ናቸው። ሴትየዋ መጀመሪያ ነርስ፣ ቀጥሎ የሆስፒታል ማኅበራዊ ሠራተኛ፣ በመጨረሻም ሐኪም ሆኑ። እ.ኤ.አ በ1967 ለንደን ውስጥ የቅዱስ ክሪስቶፈርን ሆስፒስ ከፈቱ። ትልቁ ትምህርታቸው ይሄ ነው፦ ሊሞት የተቃረበ ሰው ሕመሙ የሥጋ ብቻ አይደለም፤ የሐሳብ፣ የቤተሰብና የገንዘብ ጭንቀት፣ የነፍስም ሕመም አለበት። አንዱን ትቶ ሌላውን ማከም አይቻልም።

ወደ ሠፈራችን ስንመጣ፣ ዶክተር አን ሜሪማን እ.ኤ.አ በ1993 ዩጋንዳ ውስጥ ሆስፒስ አፍሪካን አቋቋሙ። የሚጠጣ ሞርፊን በርካሽ እየተበጠበጠ ድሃው ቤት ድረስ እንዲደርስ አደረጉ። እኛም አገር እ.ኤ.አ በ2003 በአንዲት ኢትዮጵያዊት ነርስ ተነሳሽነት ሆስፒስ ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ተመሠረተ። ሥራው አልጋ ደርድሮ በሽተኛ ማስተኛት ሳይሆን ነርሶች በሽተኛው ቤት ድረስ ሄደው እንዲንከባከቡ ማድረግ ነው። ጤና ጥበቃ ሚኒስቴርም እ.ኤ.አ በ2016 የማስታገሻ ሕክምና ብሔራዊ መመሪያ አውጥቷል። ስለዚህ «እዚህ አገር እንዲህ ያለ ነገር አይታወቅም» የሚላችሁን አትስሙ።

ችግሩ የሚደርሰው ለጥቂት ሰው መሆኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓመት 56.8 ሚሊዮን የሚያህል ሰው ይሄ እንክብካቤ ያስፈልገዋል፤ የሚያገኘው ግን ከመቶ 14 ያህሉ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ በ2017 በላንሴት የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት ደግሞ ከዚህ የባሰ ይናገራል። በዓለም ላይ በዓመት ከሚከፋፈለው 298.5 ቶን ሞርፊንና መሰል መድኃኒት ውስጥ ለድሃ አገሮች የሚደርሰው 0.1 ቶን ነው። እንግዲህ አክስቴ ነጠላዋን የነከሰችው ብቻዋን አልነበረም።

ሁለተኛዋ

በአምስተኛው ቀን አንዲት ጎረቤታችን በጡረታ ላይ ያሉ ነርስ ይዛ መጣች። ጋዋን የለ፣ ማዳመጫ የለ። ሻሽ ያሰሩ፣ በላስቲክ ጫማ የመጡ ሴት ናቸው። ሲስተር እንበላቸው። ግሉኮሱን ቀና ብለው አዩና ምንም አላሉም። በርጩማ ስበው ከአክስቴ ራስጌ ተቀመጡ።

«እትዬ፣ የት የት ነው የሚያምዎት?»

አክስቴ አሳየች። ሲስተር አምስት ጣታቸውን ዘርግተው «ምንም ካላመመ ጭብጥ፣ ከባሰ አምስቱንም ጣት ያሳዩኝ። ማታ ማታ ስንት ነው?» አሉ። አክስቴ አምስቱንም ጣት ዘረጋች። «አሁንስ?» ሦስት። ደብተር አውጥተው ጻፉ። ያ ሰውዬ አምስት ቀን ሲመላለስ ይቺን አንዲት ጥያቄ ጠይቋት አያውቅም!

ቀጥለው «ከሁሉ በላይ ያስጨነቀዎ ምንድን ነው?» አሉ። እኛ «ሞት» ትላለች ብለን ፈራን። አክስቴ ግን እንባዋ መጣና «ሽታዬ» አለች። የቁስሉ ሽታ። ለካ ጎረቤቶቿን «ተኝቻለሁ በሏቸው» እያለች የምትመልሰው፣ ቡናውን ያስቀረችው በዚህ ነው። ሁለተኛም ነበራት፦ «ዕቁብ በልቻለሁ፤ የሁለት ዕጣ ይቀረኛል። የሰው ገንዘብ ይዤ መሞት አልፈልግም።»

ሲስተር የማዘዝ ሥልጣን የሐኪም ነው ብለው ሞርፊኑን ራሳቸው አልሰጡም። ያዩትን ሁሉ በወረቀት ጽፈው ወደ ሐኪም ላኩኝ። እንዲህ ያለ መድኃኒት የሚታዘዘው በልዩ ማዘዣ ነውና ማዘዣውን ይዤ አዲስ አበባ ወጣሁ፤ መድኃኒቱን ይዤ ተመለስኩ። ለቁስሉ ደግሞ ሐኪሙ ሜትሮኒዳዞል የሚባለውን ኪኒን ፈቀደ፤ ሲስተር አድቅቀው ቁስሉ ላይ እየነሰነሱ በንጹሕ ጨርቅ ያሽጉታል። አልጋው ሥር በትሪ ከሰል አስቀመጡ፤ ሽታ ይስባል። በአራተኛው ቀን አክስቴ «ቡና አፍሉ» አለች። የሠፈሩ ሴቶች፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ ተሰብስበው መጡ። የዕቁቡ ጸሐፊም መጣ። ሂሳቧን ዘጋች።

ሲስተር የተቀበሉት የባጃጅ ብቻ ነው። እንግዲህ በዋጋ ቢሆን ኖሮ ውዱ ሰውዬ በበለጠ ነበር።

ስትቀጥሩ እነዚህን ጠይቁ

እ.ኤ.አ በ2015 አንድ የእንግሊዝ የጥናት ተቋም 80 አገሮችን «ሰው በክብር የሚሞትባቸው» በሚል አወዳድሮ እንግሊዝን አንደኛ አድርጓል። የመዘኑት ሕንፃን ብቻ አይደለም። የሰለጠነ ሰው መኖሩን፣ ዋጋው መቻሉን፣ የእንክብካቤውን ጥራት፣ የኅብረተሰቡን ተሳትፎ ጭምር ነው። እኛም በአቅማችን መመዘን እንችላለን። ድርጅትም ሆነ የሠፈር ነርስ፣ ከመክፈላችሁ በፊት እንዲህ በሉ፦

1. «ሕመሙን እንዴት ነው የምትለኩት?» በጣት ይሁን በቁጥር፣ በሽተኛውን ጠይቆ በደብተር የማይጽፍ ሰው ሕመም እያከመ አይደለም። «አይተን እናውቃለን» የሚል መልስ ከሰማችሁ ተሰናበቱ።

2. «ስለ ሞርፊን ምን ትላላችሁ?» የዓለም ጤና ድርጅት ከ1986 እ.ኤ.አ ጀምሮ የሚመክረው የማስታገሻ መድኃኒት በአፍ፣ በሰዓቱና እንደ ሕመሙ ደረጃ እንዲሰጥ ነው። ሲያም ብቻ አይደለም፣ ሳያም በፊት ነው። ቶሎ የሚሠራው ሞርፊን በየ4 ሰዓቱ ነው የሚሰጠው። የሚያውቅ ሰው ሆድ እንደሚያደርቅ ነግሮ ማለስለሻ አብሮ እንዲታዘዝ ያሳስባል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት እንቅልፍ እንቅልፍ እንደሚል ያስጠነቅቃል፤ ከልጆች አርቃችሁ ቆልፉበት ይላል። «ሱስ ነው» ብሎ ብቻ የሚዘጋ ሰው ትምህርቱን አልጨረሰም።

3. «ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ብንደውል ማን ያነሳል?» ሕመም የመሥሪያ ቤት ሰዓት የለውም። የሰጧችሁን ቁጥር ከመዋዋላችሁ በፊት አንድ ሌሊት ደውሉበት። ያነሳው ሰው ከተቆጣችሁ መልሳችሁን አገኛችሁ።

4. «እኛን ታስተምሩናላችሁ?» ሃያ አራት ሰዓት በሽተኛው አጠገብ ያለው ቤተሰብ ነው። ጥሩ አስታማሚ በየ2 ሰዓቱ እንዴት እንደሚገላበጥ፣ አፍ እንዴት እንደሚጸዳ፣ አንሶላ በሽተኛ ተኝቶ እያለ እንዴት እንደሚቀየር ያሳያችኋል። ነገሩን ምሥጢር አድርጎ የሚይዝባችሁ እንድትፈልጉት ብቻ ነው።

5. «ትድናለች ወይ?» ይቺ የማጥመጃ ጥያቄ ናት! «አድንላችኋለሁ» ካለ ሽሹ። «አላውቅም፤ ያለችበት ቀን ግን ያለ ስቃይ እንዲሆን እሠራለሁ» ያለውን ያዙ።

6. «ግሉኮሱ ለምንድን ነው?» መልሱ «ለጉልበት» ከሆነ ተጠራጠሩ። በመጨረሻዎቹ ቀናት ሰውነት ፈሳሹን መጠቀም ያቅተዋል፤ ሲበዛ ሊያሳብጥና ትንፋሽ ሊያሳጥር ይችላል። በየቀኑ የሚሸጥ ግሉኮስ አንዳንዴ የሚመግበው ሻጩን ነው።

7. «ቄስ ወይም ሼህ ሲመጡ ምን ታደርጋላችሁ?» ጥሩ አስታማሚ ወንበር ለቆ ይወጣል። ጸበሉን አይነቅፍም፣ መድኃኒቱንም አያስቋርጥም። የንስሐ አባት መቼ ቢጠሩ እንደሚሻል፣ በሽተኛዋ መናገር ከማቃቷ በፊት ራሱ ያስታውሳችኋል። ዱዓ የሚደረግበት ቤትም እንዲሁ ነው።

8. «ሂሳቡ በጽሑፍ ይሁን።» በቀን ስንት፣ መድኃኒት ይጨምራል ወይ፣ በሽተኛዋ ብታርፍ የቀረው ይመለሳል ወይ? ለመጠየቅ ያሳፍራል፤ ከከፈሉ በኋላ ግን የባሰ ያሳፍራል። የኛ ገንዘብ አልተመለሰም።

ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር ግን ሌላ ነው። ድርጅቱ ያስታመመው ሰው የሞተበትን ቤተሰብ ፈልጉና «የመጨረሻዋ ሳምንት እንዴት ነበረች?» በሉ። ሌላው ደግሞ ሳትነግሯቸው ድንገት ቤት ግቡ። የበሽተኛውን ከንፈር እዩ፤ ተሰነጣጥቋል? ተረከዙንና ዳሌውን እዩ፤ ቀልቷል? ጥፍሩ ተቆርጧል? የተጻፈው ደብተር የት አለ? እነዚህ አራት ነገሮች ከማስታወቂያ ይበልጣሉ።

ለገጠርና ለቆላ ልጆች

«አዲስ አበባ ላይ ላለ ሰው ቀላል ነው፤ እኛስ?» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። እንደ ሸዋ ሮቢት ባለ ከተማ፣ ይባስ ብሎም ወደ ይፋት ገጠር ገባ ሲባል፣ በሽተኛን ለመርዳት የተቀመጠ ድርጅት ማግኘት ይከብዳል። ሰው ግን አይጠፋም። በጡረታ ያሉ ነርስና ድሬሰር፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ ከጤና ጣቢያው የሚመጣው ወጣት ነርስ... ከላይ ያሉትን ጥያቄዎች ለነሱም ጠይቁ። ባያውቁ እንኳ ተምረው ለመሥራት ፈቃደኛ የሆነ ሰው ከሚያውቅ ዋሾ ይሻላል።

የሮቢት ሙቀት ደግሞ የራሱ አበሳ አለው። ደጋ ላይ የሰለጠነ ሰው አይገባውም። በሽተኛዋን ቀን ቀን ከቆርቆሮው ሥር አውጥታችሁ ማንጎ ጥላ ሥር አስተኟት። ውኃ በማንኪያ በማንኪያ፣ ቶሎ ቶሎ። እርጥብ ጨርቅ ግንባርና አንገት ላይ። ማታ አጎበር፤ የቆላ ወባ በካንሰር ላይ ተጨምሮ አይቻልም። ዝንብ ቁስሉ ላይ እንዳያርፍ ፋሻው ሙሉ ይሁን። አስታማሚያችሁ ስለ ሙቀቱ አንድም ቃል ካልተናገረ በሽተኛዋን ሳይሆን ብሩን ነው ያየው።

አንድ ነገር ደግሞ ለራሳችን ልበል። እኛ ሀበሾች ፍቅራችንን የምንገልጸው በጉርሻ ነው። «በሞቴ፣ አንዴ ቅመሺልኝ!» እያልን የማትውጥ ሴት አፍ ውስጥ እንጎርሳለን። ሲስተር አንድ ቀን የአክስቴን ልጅ እጇን ያዝ አድርገው «ልጄ፣ እየሞተች ያለችው ስላልበላች አይደለም፤ የማትበላው እየሞተች ስለሆነ ነው። ከንፈሯን አርጥቢላት፣ ይበቃታል» አሏት። ልጅቷ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ያን ቀን ነው እውነቱን የሰማችው። እኔ ኮሪደሩ ላይ የዋሸሁትን ሲስተር በአንዲት ቃል አቃኑት። ከዚያ ወዲያ እናትና ልጅ ሌሊት ሌሊት ሲያወሩ ይሰማኛል። ምን እንዳወሩ አልጠየቅኩም።

ዕድርና አስታማሚ

አክስቴ ከሲስተር መምጣት በኋላ 23 ቀን ኖረች። ያረፈችው ንጋት ላይ ነው፤ ነጠላዋ አንገቷ ላይ እንጂ አፏ ውስጥ አልነበረም። ጠዋት ዕድሩ ድንኳኑን ተከለ፣ ወንበሩ መጣ፣ ድስቱ መጣ፣ ሰው ጎረፈ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁሉም ነገር ተሟላ!

እዚያ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ አሰብኩ። ለቀብራችን ወር በወር እንቆጥባለን፤ ስም ጠሪ፣ ዳኛ፣ ገንዘብ ያዥ አለን። በሕይወት ሳለን ለምንሰቃይባት ላንዷ ወር ግን አንድ ሳንቲም አላስቀመጥንም፤ ማን እንደሚያስታምመን የሚጠይቅም የለም። ዕድሮቻችን ከድንኳኑ አጠገብ አንድ አጎበር፣ አንድ የበሽተኛ ፍራሽ፣ የአንዲት ነርስ የባጃጅ ሂሳብ ቢይዙ ምን ይጎዳቸዋል? በሚቀጥለው ስብሰባ ወላጆቻችሁ ሲሄዱ ይቺን ሐሳብ ይዘው እንዲሄዱ ንገሯቸው።

ሲስተር ከሠልስቱ በኋላም መጡ። አልጋው ባዶ ነው፤ በሽተኛ የለም። «እናንተን ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አሉ። የተረፈውን ሞርፊን ቆጥረው፣ ለጤና ጣቢያው እንድንመልስ ነገሩን፤ ቤት ውስጥ አይቀመጥም አሉ። ከዚያ ለአክስቴ ልጅ «እንቅልፍ ይወስድሻል?» ብለው ጠየቋት። ስለዚህ ዘጠነኛዋን ጥያቄ ጨምሩበት፦ «በሽተኛችን ካረፈች በኋላስ ትመጣላችሁ?»

እስቲ ዛሬ ማታ ወደ ቤት ደውሉ። በሽተኛ ካለ «ሕመምሽ ከአምስት ስንት ነው?» በሏት። ከሦስት በላይ ካለች የሚቀጥለውን ቀን አትጠብቁ።

ቸር ሰንብቱ!